ፈገግ ያልኩላቸው ሴትዮ

እማዬ፣ ሰላምሽ ይብዛልኝ። እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ አሁንም ደረጃው ላይ ያሰቃይሻል? እንቅልፍ ይወስድሻል? የአባባ ሳል ተሻለው? መድኃኒቱን በወጉ ይወስዳል ወይስ እንደ ልጅ ትራሱ ሥር ይደብቃል? እኔ ደህና ነኝ። እጄም እግሬም ሙሉ ነው። ይህን ያስቀደምኩት፣ ከታች ያለውን ስታነቢ ወደዚህ መስመር ተመልሰሽ እንድታዪው ነው።

ለአባባ ጮክ ብለሽ እንደምታነቢለት አውቃለሁ። ለእሱ እስከዚህ ይበቃዋል። ደህና ነኝ ብላለች በይውና ወደ ሰላምታው እለፊ። የቀረውን ወጥ ቤት ገብተሽ፣ ለብቻሽ።

ማክሰኞ ከሰዓት ስንነሳ ዝናብ ነበር። መስኮቱን በጎን ይገርፈዋል። ሰማዩ የድስት ቂጥ መስሏል። ሸንበቆ የምንላት ረጅሟ አለቃችን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "ዛሬስ ምሳችንን ባንበላ ይሻለን ነበር" አለችኝ። ሳቅሁላት።

ነግሬሽ የማላውቀው ነገር አለ። አውሮፕላን ሲነሳ እኛ አስተናጋጆች የምንቀመጠው ከግድግዳው በምትዘረጋ ታጣፊ ወንበር ላይ ነው፤ ፊታችን ወደ ተሳፋሪው። ስልጠና ላይ ከበር አከፋፈት እኩል የተማርነው ፊት አያያዝ ነው። ሰው ሲፈራ መስኮት አያይም፣ እኛን ያያል። እኛ ፈገግ ካልን ምንም የለም ማለት ነው። ብትፈሪም ከንፈርሽ እንዳልሰማ ይሆናል። ስንት ዓመት እንዲህ ሆኖ፣ አሁን ከንፈሬ ከእኔ ጋር የማይማከር ሌላ ሰው ሆኗል።

ደመናው ውስጥ እንደገባን መናጥ ጀመረ። መጀመሪያ ጠጠር መንገድ ላይ እንዳለ አውቶቡስ። ከዚያ ሌላ ነገር። ወለሉ ከእግሬ ሥር እየሄደ ይመጣል። የዕቃ ሳጥኖቹ ይንቋቋሉ። ከኋላ አንዱ ይጸልያል፣ አንዱ ይሳደባል፤ ድምፃቸው አንድ ሆነብኝ። ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያ ቀበቷችሁን አጥብቁ አለ፤ እንቅልፍ እንደመጣበት ሰው፣ ረጋ ብሎ። እሱም ተምሮታል ማለት ነው።

ፊት ለፊቴ አንዲት እናት ተቀምጠዋል። በአንቺ ዕድሜ ይሆናሉ። ከተነሳን ጀምሮ ዓይናቸውን ከእኔ አልነቀሉም። መናጡ ጋብ ሲል በዓይናቸው ጠየቁኝ። አለፈ ወይ? ማለታቸው ነበር። እኔ በዚያች ሰዓት የማስበው፣ እማዬ፣ እንሞታለን ብዬ ነበር። ቃሉ ራሴ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ቆሟል። ፊቴ ግን ፈገግ አለላቸው።

ቀበቷቸውን ፈቱ። ለካስ መጸዳጃ ቤት መሄድ ፈልገው፣ ከፍርሃት የተነሳ ይዘውት ቆይተዋል። ተነሱ። "ይቀመጡ!" ብዬ ጮህኩ፤ ድምፄ ሳይደርሳቸው አውሮፕላኑ ቁልቁል ተወረወረ። ጣሪያውን መቱ። ከዚያ ወለሉን። ድምፁን አልጽፍልሽም።

እኔን ቀበቶዬ ይዞኛል። በመሐላችን አንድ ክንድ ቢሆን ነው። ብነሳም አብሬያቸው ከመላተም በቀር የምፈይደው አልነበረም። እጃቸውን ያዝኩ። ወደ ተነሳንበት ተመልሰን እስክናርፍ እጃቸውን ብቻ ያዝኩ።

ትከሻቸው ወልቆ ነበር፣ ሐኪሞቹ መለሱት። ግንባራቸውም ተሰፍቷል። ተመስገን፣ ሌላ ጉዳት የለም። ትናንት ልጠይቃቸው ስነሳ ሸንበቆ ከለከለችኝ። ጥፋትሽ አይደለም፣ ከሄድሽ ግን ጥፋትሽ ይሆናል አለችኝ። ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። ልብስ ሰፊ ናቸው። አልጋው ላይ ጋደም ብለው፣ በደህናው እጃቸው የደንብ ልብሴን እጅጌ ገልብጠው አዩና፣ "ማነው ይሄን የሰፋው? ዓይኑን ጨፍኖ ነው እንዴ?" አሉ። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ቀና ብለው፣ "አንቺን አይቼ እኮ ነው የፈታሁት፣ ልጄ" አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚህ በኋላ አልበርም ብዬ ቆርጬ ነበር። ለሸንበቆ ልነግራት ቃሉን አዘጋጅቼ። ሴትዮዋ ግን ነገ ቀትር ላይ በእኛው አውሮፕላን ይሄዳሉ። ልጃቸው የመውለጃዋ ቀን ደርሷል፣ በመኪና እንዳይሄዱ ደግሞ መሐል ላይ ባሕር አለ። "አንቺ ካለሽ እሳፈራለሁ፣ ከሌለሽ ይቅርብኝ" አሉኝ። "ፊት ለፊቴ ቁጭ በይ። ስትፈሪ ግን ፍሪልኝ። ሁለተኛ እንዳትዋሺኝ።" እሺ አልኳቸው። ምን ልበል?

ነገም ዝናብ ነው ይላሉ።

ዛሬ የሆቴሉ መታጠቢያ ቤት ገብቼ መስታወቱ ፊት ለመፍራት ሞከርኩ። ፈርቻለሁ እኮ። መስታወቱ ውስጥ ያለችው ግን ፈገግ ብላለች። አፌን በእጄ ሸፈንኩት፤ ዓይኗ ቀጠለ። ሸንበቆን ጠርቼ፣ መፍራቴ ይታያል ወይ አልኳት። "ኧረ ምንም አይታይብሽም፣ ጎበዝ!" ብላ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ።

በስልክ ያልነገርኩሽ ድምፄም እንደ ፊቴ ስለሆነ ነው። ደብዳቤውን ዛሬ ወደ እናንተ የምትበር የሥራ ጓደኛዬ ቤት ድረስ ታመጣልሻለች።

አባባን ጉንጩን ሳሚልኝ። ታናሽ እህቴን፣ ቀሚሴን እንደለበሰች አውቃለሁና ቢያንስ እንዳትቀደው በያት። ወንድሜ ለፈተናው ይበርታ። አክስቴን አቅፈሽ ሰላም በይልኝ። የሁለተኛ ፎቋ ጎረቤታችንም እንዳትቀየመኝ፣ ስሟን ጠርቻለሁ በያት።

ጠዋት ደውይልኝ፣ እማዬ፣ ከመሳፈሬ በፊት። ደህና ነሽ ወይ ብለሽ አትጠይቂኝ። ልጅ ሆኜ ስፈራ ፊቴ ምን ይሆን እንደነበር ንገሪኝ። ቅንድቤ ነው? አገጬ ነው? ከየት ነበር የሚጀምረው? እኔ ረስቼዋለሁ።

ልጅሽ
ከሆቴሉ ክፍል፣ ሐሙስ፣ ሰኔ ፲፱