ብርቱካን ይዤ ጤነኛ ልጠይቅ ሄድኩ

ውድ አብሮ አደጌ፣

ያከራየችኝ ሴትዮ "ነገ ጤና ጣቢያ ቀጠሮ አለኝ" ስትለኝ ክው አልኩ። ሕመሟን ደብቃኝ ነው ብዬ ብርቱካን ገዛሁና ክንዷን ደግፌ አብሬያት ሄድኩ። ተራ መጠበቂያው ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጡት ሽማግሌ እንደ ለመድነው "እግዜር ይማርዎ፣ አባባ" አልኳቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝና "ምን ሆንኩ ብለሽ ነው? የዓመት ምርመራ ተራዬ ደርሶ እኮ ነው የመጣሁት" አሉኝ። ሴትዮዋም ብዙ ሳትቆይ እየሳቀች ወጣች፤ ምንም የለባትም። "ብርቱካኑ ለማን ነው?" ስትለኝ "ላንቺ" ማለት አሳፈረኝ። መንገድ ላይ እየላጥን በላነው።

እዚህ አገር ሰው ሁሉ ጤነኛ ሳለ ከደሞዙ ለሕክምና ያዋጣል፤ በር ላይ ቆሞ "መጀመሪያ ክፈሉ" የሚል የለም። ማዋጣቱንማ እኛም እናውቅበታለን፤ ግን የምናዋጣው ለቀብር ነው። አባትሽ፣ ጋሼ፣ ትዝ አሉኝ። "ለዚችማ ሕመም ብር አይከሰከስም፣ ትለቀኛለች" እንዳሉ ከርመው ሐኪም ቤት የገቡት በቃሬዛ ነበር። የዕድሩ ድንኳንና ወንበር ግን በሰዓቱ ደረሰ፤ ምንም አልጎደለም። ይሄ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ።

የፖስታ ካርዱ ቦታ አለቀብኝ፤ ይቺን ጠርዙ ላይ ነው የምጽፍልሽ። ልጆቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ፣ ጎረቤቱንም ሁሉ ሰላም በይልኝ። እናትሽንም ሳሚልኝ። "ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም" ካሉሽ፣ የዚያኑ ዕለት ሐኪም ቤት ውሰጃቸው።