በወይዘሮ ጁሀራ ጭልፋ ላይ ስለተገኘው «ሊበራል» ስለሚባለው ቃል

ለጓድ ደምመላሽ
የቀበሌያችን ሊቀመንበር
ሮቤ

የተከበሩ ጓድ ሊቀመንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ከሳነቴ ተራራ የሚወርደው ብርድ ዘንድሮ ሰው አላስቆም ብሏልና፣ ጉንፋኑ እንዳይነካዎት፣ ጉሮሮዎም እንዳይዘጋብን የምንጸልየውም የምንሰግደውም ጥቂት አይደለንም፤ ስብሰባ ያለ እርስዎ ድምፅ ምን ሊሆን ነው? እኔ በዚሁ ከተማ እንግሊዝኛ የማስተምረው ጉቱ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት፣ በስብሰባ እጄን ባወጣሁ ቁጥር «ሥነ ሥርዓት!» ብለው ስለሚያስቀምጡኝና ግድግዳን ቁጭ በል የሚል ስለሌለ ነው።

ጉዳዩ የወይዘሮ ጁሀራ ነው። ለማያውቅ አንባቢ ልንገር፤ ጁሀራ በቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት የገብስ አጥሚት የምታበስል፣ ለሕፃናቱም በጭልፋ የምትቀዳ ሴት ናት። አብራት ትሠራ የነበረችው አየርላንዳዊት ነርስ ሲስተር ኖራ ወደ አገሯ ስትመለስ፣ ጁሀራ በቋሚነት እንድትቀጠር በእንግሊዝኛ የድጋፍ ወረቀት ጻፈችላት፤ ታማኝ ናት፣ ንጹሕ ናት፣ «በጭልፋዋም ሊበራል ናት» አለች። እርስዎ እስከ ንጹሕ ድረስ በጸጥታ አንብበው እዚህ ቃል ላይ ሲደርሱ ከወንበርዎ ብድግ አሉ። የፖለቲካ ትምህርት ገብተው የወጡ ሰው ነዎትና፣ ሊበራል ማለት በአድኃሪና በንዑስ ከበርቴ መሀል የሚሸጎጥ ጠላት መሆኑን ለመገንዘብ ጊዜ አልፈጀብዎትም። ቋሚ ቅጥሩ ቀረ፤ ጭልፋው ከእጇ ተወስዶ ለወይዘሮ ሸዋርጋ ተሰጠ፤ ጁሀራም በእሑድ ስብሰባ ግለ ሂስ እንድታደርግ ታዘዘች።

እንግዲህ ቅሬታዬን፣ ቅሬታ ማለት ከተፈቀደ፣ በታላቅ ትሕትና ላቅርብ።

1ኛ/ ይህ ቃል ጠላት ከመሆኑ በፊትም ሥራ ነበረው። እጀ ሰፊ፣ ለጋስ፣ ሳይሰስት የሚሰጥ ማለት ነው። ፈረንጅ ቅቤ አብዝቶ የሚጨምረውን ሰው በቅቤው ሊበራል ነው ይለዋል፤ ቅቤው ግን እስከማውቀው ድረስ የፖለቲካ አቋም የለውም። እኛ በአማርኛ ቸር የምንለው፣ በኦሮምኛ አርጃ የምንለው፣ ሐጂዎቹም ከሪም የሚሉት ያው ይኸው ነው። በዚህ ሁሉ ቋንቋ የሚመሰገን ጠባይ በቀበሌያችን ብቻ ሲያስከስስ ባይ፣ መዝገበ ቃላቴን ይዤ ቢሮዎ መጣሁ። ገልጠው ከማየትዎ በፊት የት እንደታተመ ጠየቁኝ፤ ለንደን ስልዎት ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ሆነልዎት። ለዚህ ንቃትዎ ከልብ አመሰግናለሁ።

2ኛ/ በስብሰባው ላይ ጁሀራ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሥታ፣ ይኼ ሊበራል የምትሉት ምን እንደሆነ ንገሩኝና ክፉ ከሆነ ኢንሻአላህ እተወዋለሁ ማለቷን ያስታውሳሉ። እርስዎም አስረዷት፤ ሲያስረዱ ዋሉ፤ እሷም አልገባት፣ እኔም አልገባኝ። በመጨረሻ አጠገቧ የነበሩት ሐጂ መሀመድአወል፣ አጥሚት ታበዣለሽ ነው የሚሉሽ ብለው በኦሮምኛ ሹክ አሏት። ይኼኔ፣ ወላሂ እሱንስ መተው አልችልም፣ ልጁ ኩባያውን ዘርግቶ ዓይን ዓይኔን እያየኝ እጄን እንዴት ልሰብስብ አለች። እርስዎ ግን በቃለ ጉባኤው ላይ «ጥፋቷን አምናለች» ብለው አስጻፉ። እኔ መሬት መሬት ነበር የማየው፤ እስካሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

3ኛ/ ወይዘሮ ሸዋርጋን አልወቅስም፤ ደግ ሰው ናት፤ ግን ፈርታለች። ጭልፋውን ሞልታ ብታነሣ ሊበራል እንዳትባል ግማሽ ላይ ታቆመዋለች። ልጆቹ እየራባቸው ወደ ቤት ይመለሳሉ። በጁሀራ ጊዜ ዱቄቱ አንድም ቀን ጎድሎ አያውቅም ነበር፤ ዛሬ ግን ይተርፋል። የተረፈው ወዴት እንደሚሄድ አልጠይቅም፤ ጥያቄ ማብዛትም ሊበራልነት ሳይሆን አይቀርም።

4ኛ/ ቅይጥ ኢኮኖሚ ከታወጀ ወዲህ ነጋዴው ሁሉ እንደ ልብህ ነግድ ተብሏል። ታዲያ አገር የተፈቀደለትን ያህል ለአንዲት ጭልፋ ቢፈቀድላት ምን ይለዋል?

የምለምነው ብዙ አይደለም፤ ጁሀራ ጭልፋዋን፣ ቅጥሯንም ታግኝ። እምቢ ካሉም ግድ የለም፤ ቢያንስ በእጀ ሰፊነት የማይታሙ ሊቀመንበር ስለሰጠን እናመሰግናለን።

የእንግሊዝን ቃል ከእንግሊዞቹ አብልጠው ለሚያውቁት ለእርስዎ፣ ዕድሜና ጤና እመኛለሁ፤ እነዚህንም ማንም እየሰሰተ አይቅዳልዎት።

አክባሪዎ
መምህር ጉቱ
ሮቤ፣ ግንቦት 1982 ዓ.ም.

እንዳልረሳው፦ ሕፃናቱ ጁሀራ የት ሄደች ብለው ቢጠይቁ፣ ሊበራል ስለሆነች ነው የሄደችው ተባሉ አሉ። እነሱም አስበው አስበው፣ ሊበራል ማለት ሙሉ ኩባያ አጥሚት ነው ብለው ደመደሙ። አሁን ምሳ ሲደርስ ኩባያቸውን እያንኳኩ «ሊበራል! ሊበራል!» ይላሉ፤ ድምፁ እስከ ገበያው ይሰማል። መፈክሩን የሚያስጀምር አድኃሪ ማን ነው ብዬ ትናንት በአጥር አጮልቄ አየሁ፤ የእርስዎ ትንሿ ልጅ ውዴ ናት፣ ጉሮሮዋ ቁርጥ እርስዎን። እንግዲህ ወይ ልጅቱን ለእሑድ ግለ ሂስ ያቅርቧት፣ ወይ ጁሀራን ይመልሱላት።