ናዒማ የዘረጋችው የመሬት ሽቦ

ለማከብርህና ለምትናፍቀኝ ታላቅ ወንድሜ ለከይረዲን፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ። እንዴት ነህ? ጤናህስ? የእማዬ ጉልበት ተሻለው ወይስ አሁንም ደረጃ ባየች ቁጥር ያማርራታል? ሩቅያና ልጆቻችሁስ? ድሬዳዋ ዘነበ ወይ? እኔ የጅቡቲ ሙቀት ከሚቀቅለኝ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ይህን የምጽፍልህ በስልክ ስለማታስጨርሰኝ ነው። እማዬ የመታጠቢያ ቤቱ የቆርቆሮ በር እንደሚነዝራት ስትነግረኝ ክው አልኩ። አንተ ግን ሽቦውን ራስህ ስለዘረጋኸው፣ ከመቼ ወዲህ ነው የመብራት ሠራተኛ የሆንሽው ብለህ ሳቅክብኝ። እሺ፣ አልሆንኩም። የሆነችዋን ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

እኔ የምሠራበት ግቢ፣ ከክፍሌ ደጃፍ ያለው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሁልጊዜ ይነዝር ነበር። ከእኔ በፊት የነበረችው ቦንቱ ሥራውን ስታስረክበኝ ከቁልፉ ጋር የላስቲክ ነጠላ ጫማ ሰጥታኝ፣ ይህን ሳታደርጊ እንዳትነኪው አለችኝ። እኛ የቤት ሠራተኞች እንዲህ ነው የምንወራረሰው፤ ይጠገን የሚል የለም።

በቅርቡ መንግሥት ስለ ቤት ሽቦ ዝርጋታ ያወጣው ደንብ ታደሰና የቤቱ ጌታ መስመሩን እንዲያስቀይር ተነገረው። የመጣችው ናዒማ የምትባል ሃያብለ የሚባለው የዚሁ ከተማ ሰፈር ልጅ ናት። ወይ ጉድ፣ ሥራዋን ብታየው! አሮጌውን ሽቦ መዝዛ አወጣችው። ከየብረት ዕቃው ያመለጠውን ኤሌክትሪክ መሬት ውስጥ ወደተቀበረ ዘንግ የሚያወርድ ሽቦ ዘረጋች። ኤሌክትሪኩ ሰው ሊይዝ ሲል በራሱ የሚቆርጥ ብሬከርም ገጠመች። አማርኛ ከሐበሻ ጎረቤቶቿ ለምዳለች፤ እየሠራች ታስረዳኝ ነበር።

ዋናውን ቤት ስትጨርስ ጌታው በሠራተኛዋ በኩል ያለው ይቅር፣ መብራቱን መልሺልን አላት። የጫት ሰዓት ደርሷል፣ ክሊማው፣ አየር ማቀዝቀዣው ማለቴ ነው፣ ጠፍቷል፣ እንግዶቹ በላብ ተጠምቀዋል። እሷ ግን ውሃ ላይ ቆማ የምትሠራው ያቺ ናት፣ የእሷ ሳያልቅ አላበራም ብላ መሰላሏን ወደ እኔ ክፍል ተሸከመች። ቢጮሁባት፣ ቢለምኗት ቀናም አላለች። ስለ እኔ ተብሎ የቤቱ እመቤት መዳም በሙቀት ስትቀመጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው!

ሲያልቅ በመሣሪያዋ ለካች፤ ማሽኑን መጀመሪያ በራሷ እጅ ነካችና ንኪው አለችኝ። እጄን ደበቅኩ። ኋላ እንደምንም ነካሁት። ምንም! ብታምንም ባታምንም ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። አላህ ዕድሜዋን ያርዝመው፣ እንዲህ ያለ ሰው አላየሁም።

እኔማ ተረፍኩ። እማዬ ግን ያን በር በየቀኑ በእርጥብ እጇ ትይዘዋለች። የሚነዝራት ትንሽ ነው እንዳትለኝ። ናዒማን ጠይቄያት ነበር፤ ትንሽ የሚባል የለም፣ አንድ ቀን ይገድላል አለችኝ። እጅህ ጎበዝ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ቤቱንም ያቆምከው አንተ ነህ። ቢሆንም ይህን እንዳነበብክ መስመሩን ቁረጠው። ሙያው ያለው ሰው መጥቶ እስኪያስተካክለው በኩራዝም ቢሆን ትታጠብ፤ ጨለማ አይገድላትም። በሞቴ፣ እምቢ አትበለኝ።

ሩቅያን እጅግ አድርገህ ሰላም በልልኝ። ሐዲጃ ትምህርቷ ላይ እንዳትሰንፍ ንገርልኝ፤ ትንሹን ጉንጩን ሳምልኝ። እማዬን ደግሞ እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ፤ ከዚያ በር ራቅ አድርገህ።

እህትህ ሙኒራ
ጅቡቲ፣ ካርቲየ 6
ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.