ሽማግሌ የላከብኝ አሰልጣኝ

እሑድ፣ ሰኔ 14

ይሄ እንግሊዛዊ አሰልጣኛችን ሊያሳብደኝ ነው። አገሩ ተጫውቶም አሰልጥኖም ጡረታ የወጣ ሰውዬ ነው። ግማሹ ቡድን ገና በዲቪ አሜሪካ የመጣ ስለሆነ የማስተረጉምለት እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ከልምምድ የቀረውን አጥቂ አባረረ። አጥቂው ሦስት ሽማግሌ ላከበት። ወንበር ቢያቀርብላቸው «እሺ ካላሉን አንቀመጥም» አሉት። ቢቸግረው እሺ አለ።

አጥቂው ትናንት ከጨዋታውም ቀረ፤ ተሸነፍን። አሰልጣኙ ሽማግሌዎቹን ያመጣሁበት ይመስል እኔ ላይ ጮኸ። ሶ፣ ሌላ አስተርጓሚ ፈልግ ብዬው ሄድኩ።

ዛሬ ከቅዳሴ ስመለስ እነዚያው ሽማግሌዎች በሬ ላይ ቆመዋል። እሱም ኮፍያውን አውልቆ ከኋላቸው። አስገብቼ ወንበር ባቀርብ አንዳቸውም አልቀመጥ አሉ፤ እሱም ጭምር። አንገቱን ደፍቶ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አጉተመተመ።

«ምን አለ?» አሉኝ ትልቁ ሽማግሌ።

ተናድጄም ቢሆን «እሺ ካልተባልኩ አልቀመጥም ነው የሚለው» ብዬ ተረጎምኩላቸው።