የባሕሯን ወፍ በኅዳር ለፈለጉት የደን ሽያጭ ኃላፊ

ለተከበሩ አቶ ዴልበርት ክሮስሊ፣

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ባለፈው ስብሰባ ወገብዎን ሲያሹ ስላየሁ ስጸልይልዎ ከርሜያለሁ። እኔ ባሌ ኢቫር ከሞተ ወዲህ ከኦሪገን ጠረፍ በላይ፣ ከጫካው ሥር ብቻዬን የምኖር አርዲስ ኑድሰን ነኝ። ስለዋሉልኝ ውለታ ሳላመሰግን ብቀር ነውር ነው።

አንደኛ፣ ወፊቱ በጫካው መኖሯን የሚያጣሩ ባለሙያዎች ስለላኩልን አመሰግናለሁ። ሙሬሌት የምንላት ይህች የባሕር ወፍ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ብቻ ከባሕር መጥታ፣ በሽማግሌ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ አንዲት እንቁላል ትጥላለች። እርስዎ የላኳቸው በኅዳር ነው፤ «ወፍ የለም» ብለው ተመለሱ። ሰው የሚጠየቀው ከቤቱ ሲወጣ ተጠብቆ መሆኑን ከእርስዎ ተማርሁ።

ሁለተኛ፣ «እኔና ኢቫር ሠላሳ ዓመት ስንሰማት ኖረናል» ብዬ በጫካው ሽያጭ ስብሰባ ላይ ብናገር፣ «እማማ፣ የባሕር ወፍ እኮ ባሕር ላይ ነው የምትኖረው፤ ብቸኝነቱ በዝቶብዎት እንዳይሆን!» ብለው አዳራሹን ስላሳቁልኝ ባለውለታዬ ነዎት። ከቀብሩ ወዲህ በእኔ ምክንያት ሰው ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር። ጎረቤቴ ዋኒታ ብቻ «አፍህን ዝጋ አንተ!» ብላ ጮኸችብዎ። እሷም ቤቷን ሸጣ ሄደች።

ሦስተኛ፣ ዛፎቹን በሐምሌ ስላስቆረጡ። መጋዙ ጸጥ ሲል ብወጣ፣ ከወደቀው ግንድ አጠገብ ላባዋን ያልጨረሰች ጫጩት አገኘሁ። እጄ ላይ ጥቂት ሞቀች፤ ከዚያ ቀዘቀዘች። መቅበሩ አላስችል ቢለኝ በጨርቅ ጠቅልዬ ማቀዝቀዣ ውስጥ አኖርኋት። ሲነጋ እናቲቱ ዓሣ በአፏ ይዛ መጣች። ቅርንጫፉ የነበረበትን ባዶ አየር እየዞረች «ኪር፣ ኪር» አለች። እኔም ከበረንዳዬ «የለችም እኮ፣ የኔ እመቤት፤ ሂጂ በቃ» አልኋት። በማግስቱም ዓሣዋን ይዛ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ቀረች፤ አሁን ንጋቱ ዝም ያለ ነው።

አራተኛም ነበረኝ፤ እጄ ስለዛለ ይለፍልዎ።

ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥዎ፤ ጥላ በሌለው በረንዳ ላይ ሆና ስምዎን ዘወትር የምታነሣ፣

አክባሪዎ አርዲስ ኑድሰን

ማስታወሻ፦ ከማቀዝቀዣው አውጥቼ ፍርድ ቤት ያቀረብኋትን ጫጩት ዳኛዋ ተመልክተው፣ ከወንዙ ማዶ የቀረው ጫካ እንዳይሸጥ ትናንት አግደዋል። ደስታዬን የምነግረው ሰው ቤት ውስጥ ባጣ፣ ለእርስዎ ጻፍሁ።