ያልነገርኩሽ ማይነስ

ሸዋረጋ፣
ከማትሪክ ፈተናው ስትመለሺ እኔ ኮምቦልቻ ወርጃለሁ፤ አክስቴ ዘንድ ነኝ። የእኔን ቁልፍ ለአከራያችን ሰጥቻለሁ። ድስቱ ውስጥ ምስር ወጥ አለ፣ አሙቀሽ ብዪ።

ሒሳቡ እንዴት ነበር? ቀለለሽ?

ከክፍልፋዩ ሰረዝ በታች ያለው ፓወር ወደ ላይ ሲወጣ ፕላሱ ማይነስ ይሆናል። አንቺ ሁልጊዜ ፕላሱን እንዳለ ትተይዋለሽ። ሦስት ወር ሙሉ ሳስጠናሽ ደብተርሽን እያየሁ "ጎበዝ" እልሽ ነበር።

ከዚያ በፊት ቀበሌ ወንድሜን በሺርን "ወረቀት በትነሃል" ብሎ ሲይዘው፣ ያን ቀን ከእኛ ጋር እቤት እንደዋለ ታውቂ ነበር። ሲጠይቁሽ "አላየሁትም" አልሽ።

ወላሂ፣ ማይነሱ አንድ ሁለቴ አፌ ላይ ደርሶ መልሼዋለሁ።
አንድ ቃል ይበቃሽ ነበር።
ለበሺርም ይበቃው ነበር።

ጣይባ