ሰዕዲያ የምትባል ወረዳ የለችም

አሶሳ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ አባቴ ዐወድ፣

ሰላም ባለህበት ይድረስህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ዘንድሮ ባዮሎጂ ለአምስት ክፍል አስተምራለሁ። ሦስቱ ደብዳቤዎቼ መልስ አላገኙም። ጎረቤታችን ሙዐዊያ ድንበሩ ላይ ኩርሙክ ድረስ ወስዶ ወደ ሱዳን ለሚሻገር ሰው እንደሚሰጥልኝ ስለማለልኝ ይህን አራተኛውን ጻፍኩ። አክስትሽን ከደማዚን ይዤ በሁለት ሳምንት እመለሳለሁ ብለህ ከሄድክ፣ ጦርነቱም ከኋላህ ከተነሳ፣ አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሆነ።

ዛሬ የምነግርህ ስለ ጽጌረዳዋ ነው፤ እናቴን ባገባህ ዓመት ከደማዚን በወተት ቆርቆሮ አምጥተህ በራችን ላይ ስለተከልካት። በእናቴ ስም ወርዳ ሰዕዲያ ያልካት።

አንተ ከሄድክ በኋላ አንድ የአበባ ወዳጆች ማኅበር ገብቼ ነበር። በየቅዳሜው አንዳችን ግቢ ተሰብስበን ስማቸው ያልታወቀ ጽጌረዳዎችን እንለያለን። ያንተዋን ቅጠሏን ቆጠርኩ፤ ሰባት ሰባት ናቸው። እሾኋ ወደ ታች የታጠፈ፣ የአበባዋ መሃል በአራት የተከፈለ፣ ሽታዋ ፀሐይ ሳይበረታ ብቻ የሚወጣ። ካገኘሁት ፎቶ ሁሉ ጋር አስተያየሁ፤ አንዱም እሷን አይመስልም። አንተ ካወጣህላት በቀር ስም የላትም ማለት ነው።

ማኅበሩ መጽሔት ሊያሳትም ቅጽ ሲያስሞላን «የዝርያው መጠሪያ» በሚለው ቦታ ወርዳ ሰዕዲያ ብዬ በእጄ ጻፍኩ። እዚህ ከተማ ግማሹ ሰው ወርዳ በዐረብኛ ጽጌረዳ ማለት መሆኑን ያውቃል። በማኅበሩ ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ መሆኔን ግን አላሰብኩም። ቅጹን በኮምፒውተር የምትጽፈው ሸዋሉል «ረ» ልጽፍ ተሳስቼ «ር» የጻፍኩ መስሏት አረመችልኝና ወደ አድራሻው ቦታ ወሰደችው። ወረዳ፦ ሰዕዲያ። የመጠሪያው ቦታ ባዶ ቀረ።

ስብሰባ ላይ ሲነበብ ምንያህል የሚባለው አባል አላስቀመጠንም።

«ይቺ ሰዕዲያ ወረዳ በባምባሲ በኩል ናት በቶንጎ? አስተዳዳሪዋስ ማነው?»

«አባቴ ነው» አልኩት።

ሳቁ። እኔ አልቀለድኩም ነበር።

ሸዋሉል «ውይ የኔ እናት፣ ላስተካክልልሽ ብዬ እኮ ነው» አለችኝ። እሷን ይቅር ብያታለሁ። ሰብሳቢው አቶ ዳምጠው ግን ባዶውን ቦታ በሚስታቸው ስም ሞልተውታል። «ብርሃነሽ» ተብላ ታትማለች። ፎቶው የእሳቸው ግቢ ነው፤ ቅርንጫፉን ቆርጬ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።

«ልጄ፣ በርሽ ላይ ስለበቀለች ስም ማውጣት ያንቺ አይሆንም። ማስረጃ አለሽ?» አሉኝ በስብሰባው ላይ ስጠይቃቸው።

«ያመጣት አባቴ ነው።»

«እንግዲያው አባትሽ ይጻፉልን። አንድ መስመር ይበቃናል፤ ከየት እንዳመጧት፣ ማን እንዳሏት።»

ሁሉም አቀረቀሩ። የት እንደሄድክ የማያውቅ አልነበረም። እሳቸውም ያውቃሉ።

ይታረም ብዬ ሦስት ጊዜ ማመልከቻ አስገባሁ። የማኅበሩን ሰላም አደፍርሳለች ተብዬ ተሰናበትኩ። ከኔ የወሰዱት ቅርንጫፍ ተባዝቶ አሁን በአሥራ አንድ ግቢ ውስጥ እናቴ ብርሃነሽ ተብላ ታብባለች። በየአጥሩ ሳልፍ ትክክለኛ ስሟን ጮክ ብዬ እጠራለሁ። አበደች ይላሉ። ይበሉ። መጽሔቱ እንደማይታረም አውቃለሁ፤ መጥራቴን ግን አልተውም።

ባለፈው ሳምንት ጾሬ የስደተኞች መጠለያ ሄጄ ነበር። ከደማዚን የመጣች ኡምኩልሱም የምትባል ሴት አገኘሁ። የአክስቴን ቤት ታውቀዋለች፤ ሰማያዊ በር ያለው አለችኝ። ከዚያ በኋላ የነገረችኝን እዚህ አልጽፈውም። ምናልባት የሌላ ሰው ቤት ይሆናል። ሰማያዊ በር ብዙ ነው።

አላህ አንተንም አክስቴንም በጥላው ይያዛችሁ፤ መንገዱን ይክፈትላችሁ።

አባቴ፣ ስለ ጽጌረዳዋ መጻፉ ከከበደህ ተወው። ከዚህ ወረቀት ጀርባ ስምህን ብቻ በእጅህ ጻፍና መልስልኝ። ለማኅበሩ አላሳየውም።

ልጅህ
ዐርዋ ዐወድ